ጅብ በላው አይባልም፦ በቀበና ወንዝ ዳር የደረሰ የምሽት የብስክሌት አደጋ

አደጋው የደረሰው ሐሙስ መጋቢት 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ50 ገደማ ነው። ቦታው ከዐራት ኪሎ ወደ ቀበና የሚወርደውን አስፋልት ትቶ ወንዙን የሚከተል ጠባብ የእግር መንገድ ነው። የተጎዳሁት እኔ ነኝ፤ የግራ እጄ አንጓ ወለም ብሏል፣ ጉልበቴ ተገሽልጧል፣ የብስክሌቴ የፊት ቸርኬ ተጣሞ ሽቦዎቹ ተበጣጥሰዋል። ከመኪና፣ ከሰውም ሆነ ከእንስሳ ጋር አልተጋጨሁም። ይህን የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ። በዚያች ሌሊት ብትጠይቁኝ ኖሮ ጅብ አሳድዶ ጣለኝ ብዬ እምል ነበር።

በሙያዬ ኦዲተር ነኝ። ከመጋዘን ዕቃ ሲጎድል “ጅብ በላው” የሚል መልስ ተቀብዬ አላውቅም። የራሴ ጉዳይ ሲሆን ግን ሙሉ ዓርብን በዚሁ መልስ ተኝቼ ዋልሁ። ቅዳሜ ጠዋት ሙያዬ አሸነፈኝና ሜትር፣ ማስታወሻ ደብተርና አንድ ቁራጭ ጠመኔ ይዤ ወደ ቦታው ተመለስሁ።

አስቀድሞ እንዴት እዚያ እንደተገኘን ልናገር። እኔና አብሮ አደጌ ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ በኋላ ብስክሌት እንነዳለን። ሁለታችንም ያለን ወፍራም ጎማ ያለው የተራራ ብስክሌት ነው። ቀን ሲሆን ወደ እንጦጦ እንወጣለን፤ ከሥራ በኋላ ግን ለዚያ ጊዜ አይበቃም። ያን ሰሞን ፒያሳ አሮጌ ቤቶቿ እየፈረሱ፣ ዐራት ኪሎም መንገዱ እየተቆፈረ ስለነበር አስፋልቱ ላይ ከአቧራና ከገልባጭ መኪና ጋር መጋፋት ሰልችቶን ወንዝ ዳሩን መረጥን። የዚያ ዓመት ጾም ደግሞ ሌላ ነገር ነበረው፤ ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2፣ ነው የገቡት። ስለዚህ ጓደኛዬ እስኪያፈጥር እንጠብቃለን። ፀሐይዋ 12 ሰዓት ከ35 ላይ ጠለቀች፣ አዛን ተባለ፣ እሱ በተምርና በሾርባ አፈጠረ፣ እኔ ሽሮዬን በላሁ።

የመጀመሪያው ስሕተት የተሠራው እዚያ ማዕድ ላይ ይመስለኛል። ጓደኛዬ በትግራይ ስለተደረገ አንድ ጥናት አነሣ። በዐቢይ ጾም ወራት ሥጋ ቤቶች ሲቀዘቅዙና የሚጣለው አጥንት ሲጠፋ ጅቦች ወደ አህያ አደን እንደሚዞሩ ያሳየ ጥናት ነው። ነገሩ እውነት ነው፤ ለጨዋታም የሚጥም ነው። ከዚያ በፊት ግን በቀበና ዳር ስጋልብ አያ ጅቦን አስቤው አላውቅም ነበር። ያን ምሽት ሾርባው ሳይቀዘቅዝ ከእኔ ጋር ተሣፈረ።

ስለ መብራታችን። በአማርኛ የሚያበራውንም ዕቃ፣ በውስጡ ያለውን ኃይል ማጠራቀሚያም “ባትሪ” ስለምንል፣ ባትሪዬ ደከመ ሲባል የትኛው እንደደከመ አይታወቅም። የእኔ ሁለቱም ደካማ ነበሩ። በግንባር ላይ የሚታሰር፣ ማሸጊያው ላይ 300 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) የሚል መብራት ነበረኝ፤ ኃይሉም ከግማሽ በታች ወርዶ ነበር። ጓደኛዬ 1,000 ሉመን የሚል አዲስ መብራት ገዝቶ መሪው ላይ አስሮታል። እኔ ደካማው ስለሆንሁ እሱ ከኋላዬ ሆኖ መንገድ ሊያበራልኝ ተስማማን። ይህ ወንድማዊ ስምምነት በኋላ እንደምታዩት ዋናው ጥፋት ነበር።

መንገዱ ጫፍ ላይ ቆሜ በስልኬ የርቀት መመዝገቢያውን አስጀመርሁ። ከዚያ ወረድን።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት መቶ ሜትሮች ደስ ይላሉ። አየሩ ከአስፋልቱ በላይ ይቀዘቅዛል፣ የባሕር ዛፍና የወንዙ ሽታ ይቀላቀላል (የወንዙን ሽታ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አይቻልም፣ የሚያውቅም አይጠይቅም)፣ ከላይ የከተማው ድምፅ እንደተከደነ ድስት ይንተከተካል። ዐራት ኪሎ በእግር የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ሆኖም መብራቱ በሚያሳያችሁ ክብ ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ዐራት ኪሎ የለም፤ ምንም ነገር የለም። ድንጋይ ከጨለማ ይወጣል፣ ያልፋል፣ ይዋጣል። ሥር ይወጣል፣ ያልፋል። ቀን የማውቀው መንገድ ምልክቶቹን ሁሉ ተቀምቶ፣ ስፋቱ አንድ ክንድ፣ ርዝመቱ ሁለት መኪና የሚያህል ቁራጭ ሆኖ ይመጣል።

ከዚያ የሚከተለኝን ሰማሁ። ከግራ በኩል፣ ቅርርር የሚል ድምፅ። ፔዳል መምታት ሳቆም ይመጣል፣ ስመታ ይጠፋል። ቁልቁለቱ ፈጥኖ ሲያወርደኝ እሱም ፈጠነ። ቀጥሎ ከፊቴ አንድ ጥቁር ግዙፍ ነገር መሬቱ ላይ እየተወራጨ መሮጥ ጀመረ። ወዲያው ቀኝ ታጠፍሁና በግራ በኩል፣ ከራሴ ከፍታ በላይ፣ ሁለት አረንጓዴ ዓይኖች በሩ። ፊቴን ስመልስ ጠፉ፤ እንደገና ሳይ አሉ፤ ተከተሉኝ። ጓደኛዬ ከኋላ ጮኸ። ምን እንዳለ አልሰማሁም፣ የሰማሁት ጩኸቱን ብቻ ነው። ፍሬኑን ለቀቅሁ።

ስልኩ የመዘገበው ይህ ነው፤ መታጠፊያው ላይ ፍጥነቴ በሰዓት 14 ኪሎ ሜትር ነበር፣ ከዘጠኝ ሰከንድ በኋላ 31። ከዚያ ዜሮ።

የወደቅሁት ለቧንቧ በተቆፈረ ቦይ ውስጥ ነው። ማን እንደቆፈረው አልጠየቅሁም፣ ለጉዳዩም አይጠቅምም። ወድቄ ከተነሣሁ በኋላ ወደ ጨለማው እየዞርሁ ስጮህና ድንጋይ ስወረውር እንደነበር ጓደኛዬ ይመሰክራል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እንዲህ ነው፤ ልዩነቱ ጅቡም አለመኖሩ ብቻ ነው።

ቅዳሜ በጠራራ ፀሐይ ያን “አስፈሪ” መንገድ ሳየው አፈርሁ። ሴቶች ልብስ ያሰጣሉ፣ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ አንድ ሽማግሌ ጎመን መደባቸውን ያጠጣሉ። መታጠፊያው ላይ በስተግራ 1 ሜትር ከ20 ከፍ ያለ የአፈር ግድግዳ አለ፤ ከላዩ ችካል ተተክሏል፣ ችካሉ ላይ ገመድ፣ ገመዱ ላይ ደግሞ አንድ የሰባ የበግ ሙክት። ለዒድ የተገዛ ነው። ዓይኑ ከቆመበት መሬት 65 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው (ሲለካ ብዙም አልተቃወመም)። 1.20 እና 65 ሲደመር ከመንገዱ 1 ሜትር ከ85 ይሆናል። ኮርቻ ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይን ከዚያ ዝቅ ይላል። የሰው ቁመት ያለው ጅብ ያየሁት በዚህ ስሌት ነው።

የበጉ ባለቤት ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ። እውነቱን ነገርኋቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እስኪበቃቸው ከሳቁ በኋላ፣ “አብሽር ልጄ፣ የእኔ በግ ሰው አይበላም” አሉኝ።

ዓይኑ ለምን በራ? የበግ፣ የውሻ፣ የድመት፣ የአህያም የጅብም ዓይን ብርሃን ከሚቀበለው የውስጥ ክፍሉ፣ ከሬቲናው፣ በስተኋላ ብርሃንን እንደ መስታወት የሚመልስ ሽፋን አለው። በመጀመሪያ ያመለጠው ብርሃን ተመልሶ እንዲያልፍና በጨለማ የተሻለ እንዲያዩ ያግዛቸዋል። እኛ ይህ ሽፋን የለንም። የሚመለሰው ብርሃን ደግሞ በመጣበት አቅጣጫ ስለሚመለስ በደንብ የሚያየው መብራቱ ዓይኑ አጠገብ ያለ ሰው ነው፤ ማለትም ግንባሩ ላይ መብራት ያሰረ ሰው። ከኋላዬ የነበረው፣ ከእኔ ሦስት እጥፍ የበለጠ መብራት መሪው ላይ ያሰረው ጓደኛዬ ምንም ዓይን አላየም። “ተከተሉኝ” ያልሁትም ሲመረመር ሌላ ሆነ፤ የሚንቀሳቀሰው በየጉብታው የሚናወጠው የእኔ ራስ ነበር፣ በጉም እንደማንኛውም በግ የሚያልፈውን መብራት አንገቱን አዙሮ ያይ ነበር።

የሚከተለኝ ድምፅ የራሴ የኋላ ጎማ ነው። ፔዳል ሳይመታ ሲቀር የኋላው እምብርት ውስጥ ያሉት ጥርሶች ቅርርር ይላሉ፤ ጎማው በፈጠነ ቁጥር ድምፁም ይፈጥናል። በሜዳ ላይ ማንም ልብ አይለውም። በዚያ የአፈር ግድግዳ አጠገብ ግን ድምፁ ነጥሮ በጎን ይመለሳል። ስለዚህ ከአሳዳጄ ለማምለጥ በፈጠንሁ ቁጥር አሳዳጄም ይፈጥናል። ከዚህ የበለጠ ፍጹም አሳዳጅ ሊኖር አይችልም።

ከፊቴ የሚወራጨው ጥቁር ነገርስ? እሱም እኔ ነኝ። ጓደኛዬ ከኋላ ያበራልኝ ኃይለኛ መብራት ጀርባዬን እየመታ ጥላዬን ከፊቴ ይዘረጋዋል። የእኔ ደካማ መብራት ያን ጥላ ማሸነፍ አይችልም፤ ብርሃን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ ሩብ ይወርዳልና። ከሁሉ የከፋው ጥላው የወደቀበት ቦታ ነው፤ ልሄድበት በነበረው መስመር ላይ፣ ቦዩ ላይ ነበር። ጓደኛዬ ይህን ስነግረው ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ፣ “እኔ እኮ ‘ቦይ!’ ነበር ያልሁህ” አለኝ።

እዚህ ላይ ሒሳቡን ላስገባ፤ ያለ ቁጥር ደብተር መዝጋት አልችልም። በሰዓት 31 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 8.6 ሜትር ነው። ሰው አደጋ አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢፈጅበት 13 ሜትር ያህል ሄዷል። ልቅ አፈር ላይ፣ ፍጥነቱ በየሰከንዱ በ3 ሜትር በሰከንድ እየቀነሰ ቢቆም ደግሞ 12 ሜትር ያህል ይጨመርበታል። በድምሩ 25 ሜትር። በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ቢሆን ግን ጠቅላላው 7 ሜትር አይሞላም። ቀሪው ጥያቄ፣ ያን ቦይ ከስንት ሜትር ላይ ማየት እችል ነበር የሚለው ነው። ለዚያ ደግሞ ጨለማ ያስፈልጋል።

ሰኞ መጋቢት 30 ማታ ተመለስን። ጨረቃ ጭራሽ የማትታይበት ቀን ነበር፤ በዚያው ሌሊት፣ እኛ ቤት ከገባን በኋላ፣ በሰሜን አሜሪካ ሰማይ ላይ ፀሐይን ጋርዳ ነበር። ብስክሌቶቹን እየገፋን ወደ ቦዩ በዝግታ ቀረብንና ጠርዙ ለዓይኔ በተለየበት ቦታ ሁሉ በጠመኔ ድንጋይ ላይ ምልክት አደረግሁ። መብራቴ ግንባሬ ላይ ሲሆን ቦዩን የለየሁት ከ9 ሜትር ነው። ያንኑ መብራት፣ ያንኑ ኃይል፣ ፈትቼ መሪው ላይ ሳስረው ከ16 ሜትር። አንድ ሉመን አልተጨመረም። ግንባር ላይ ያለ መብራት ጥላን ከእያንዳንዱ ድንጋይ ጀርባ ይደብቀዋል፤ ዓይንና መብራት አንድ ቦታ ስለሆኑ መሬቱ እንደተለጠፈ ወረቀት ጠፍጣፋ ይመስላል። ዝቅ ብሎ ከመሪው የሚመጣ ብርሃን ግን ለእያንዳንዱ ጉድጓድ የራሱን ጥቁር ጥላ ይሰጠዋል። መንገድ የሚነበበው በጥላው ነው። ሁለት መብራት ያለው ሰው ዋናውን መሪው ላይ፣ ትንሹን ግንባሩ ላይ ቢያደርግ፣ መሪው ወደማይዞርበት ወደ መታጠፊያው ውስጥ አስቀድሞ ለማየት ይጠቅመዋል። አንድ ብቻ ላለው ግን ምርጫው ያለቀለት ነው።

ከጓደኛዬ ኋላ ሆኜም ሞከርሁት። በጋው የደረቀ ስለነበር የእሱ ጎማ ያስነሣው አቧራ በግንባር መብራቴ ፊት ነጭ መጋረጃ ሆነ። ሠላሳ ሜትር ያህል ሲቀድመኝና መብራቴ ከታች ሲሆን መጋረጃው ተገለጠ።

ከዚያ፣ ያላቀድነውን ነገር አደረግን። ጓደኛዬ መብራቱን ሊያስተካክል ሲነካካ ጠፋበት፤ እኔም ለምን እንደሆነ ሳላውቅ የእኔን አጠፋሁ። ታናሽ እህቴ በዓይን ሕክምና ክፍል ነርስ ናት። ጉልበቴን ስታጥብልኝ፣ “ጋሼ፣ ስልክህን አፍጥጠህ አይተህ ወዲያው ጨለማ ውስጥ ገባህ?” ብላ ጠይቃኝ ነበር። በእያንዳንዱ ዓይን በደብዛዛ ብርሃን የሚሠሩ፣ ሮድ የሚባሉ 120 ሚሊዮን ያህል ሕዋሳት አሉ፤ ደማቅ ብርሃንና ቀለም የሚለዩት ኮኖች ግን 6 ሚሊዮን ገደማ ናቸው። ሮዶቹ ከደማቅ ብርሃን በኋላ ሙሉ አቅማቸውን ለማግኘት ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈልጋሉ። ደግሞም ዓይናችን ትኩር ብሎ በሚያይበት መሐል ነጥብ ላይ ሮድ የሚባል የለም፤ በጨለማ አንድን ነገር ለማየት ከጎኑ ማየት ይሻላል። እነዚህን ስትነግረኝ የነርስ ወግ ነው ብዬ አልፌ ነበር።

ሃያ አምስት ደቂቃ ቆምን። በመጀመሪያ ጥቁር ብቻ ነበር። ቀስ በቀስ ከከተማው የሚመለስ ብርሃን ሰማዩን ነጭ አመድ አስመሰለው፤ የባሕር ዛፎቹ ከሰማዩ ተለዩ፤ ወንዙ እንደ ቆርቆሮ ብልጭ አለ፤ የአፈር ግድግዳው፣ ችካሉ፣ የበጉ ጀርባ ወጡ። በላያችን ያለው ቤት መስኮት ታየን። ከሩቅ የተራዊሕ ሶላት ድምፅ ይመጣል። ሐሙስ ማታ ይህ ሁሉ እዚያው ነበር። ከዓይኔ የወሰደው ጨለማው አልነበረም። የሰው ዓይን ራሱን የሚያስማማው ከፊቱ ካለው ደማቅ ነገር ጋር ስለሆነ፣ ያቺ በገዛ እጄ ግንባሬ ላይ ያሰርኋት ክብ ናት ከእሷ ውጭ ያለውን ሁሉ ያጠፋችብኝ። መብራቱን መልሼ ሳበራ ዐራት ኪሎም፣ ሰማዩም፣ መስኮቱም በአንዴ ጠፉ፤ ትከሻዬ ላይ ያ ሐሙስ ማታ የተሰማኝ ነገር ተመልሶ ተቀመጠ። በጉን አሁን በስም አውቀዋለሁ፣ ግን ያው ተመለሰ።

በኦዲት ቋንቋ ጉድለቱ ተገኝቷል። የተመዘገበው ፍጥነት 25 ሜትር ይፈልግ ነበር፣ የነበረኝ 9 ሜትር ነው፣ ከዚያም ላይ ጥላዬ ተቀንሶበታል። መብራቱን ወደ መሪው አወረድሁ፤ ከኋላ ማብራት ቀረ፤ በወንዝ ዳር መንገድ ላይ የፍጥነት ወሰናችን በሰዓት 12 ሆነ። ጅብን በተመለከተ ምንም እርምጃ አልተወሰደም።

ዒድ ረቡዕ ሚያዝያ 2 ዋለ። በማግሥቱ ሐሙስ፣ ቸርኬዬ ተቃንቶልኝ፣ እንደገና ወረድን። ጓደኛዬ ከፊት፣ እኔ ከሠላሳ ሜትር በኋላ። መታጠፊያው ላይ ችካሉ ባዶ ነበር፣ ገመዱ መሬት ላይ ተጥሏል። እፎይ እንዳልሁ፣ ከወንዙ በኩል፣ ዝቅ ብለው፣ እርስ በርስ ተቀራርበው፣ ሁለት ዓይኖች በሩ። አልተንቀሳቀሱም። መሪው ላይ ያለውን ቁጥር አየሁ፤ 11 ይላል። ጎማዬ ቅርርር ይላል። ፍሬኑን እንደያዝሁ፣ ቦዩን በቀኝ በኩል አልፌ፣ የሽማግሌው ጎመን መደብ ዘንድ ስደርስ እግሬን መሬት አስነካሁ። ዘወር ስል ዓይኖቹ ከነበሩበት ተነሥተው፣ አንድ ጊዜ ወርደው፣ ጠፉ።

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ተከናንበው በር ላይ ቆመዋል።

“አባባ፣ ውሻ ነው?” አልኋቸው።

“ምን ውሻ አለ፣ ልጄ” አሉኝ። “ትናንት የበጉን አንጀት ወንዙ ዳር ጣሉት። ታዲያ ማን ይመጣል ብላችሁ ነበር?”